አባቴ ለብሎን ስም ሲያወጣ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስለ ጉልበቴ ሐኪም ቤት ሊያደርሰኝ ይዞኝ ወጣና መንገድ ላይ የመኪናው በር አልዘጋ አለው። እኔን ትቶ በሩን ሊያሳክም ጋራዥ ገባ። ሰማንያ ዓመት የተሸከመኝ ጉልበት ይቆይ፣ ትናንት የተገዛ በር ይቅደም! ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ከመኪናው አጠገብ አስቀመጡኝ። ሠራተኛው ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ፣ ሱሪው ከወገቡ የወረደ ጎረምሳ ነው። በሩን አላየውም። ልብ በሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አጎንብሶ አላየውም። ክንዱን የሚያህል ካቻቢቴ አንሥቶ በውስጠኛው ሽፋን ሥር ሰነቀረና እንደ ድንች ቆፋሪ መነገለው። ቀጭ! አንዱ ማያያዣ ተሰበረ። ቀጭ! ሁለተኛው። "ችግር የለም እማማ፣ ፕላስቲክ ነው" አለኝ፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ። ድንቄም ባለሙያ! ፕላስቲክ መሆኑንማ እኔም አይቻለሁ። ማያያዣው ምን እንደያዘ፣ ወዴት እንደሚለቅ፣ ግፊት ይወድ እንደሆነ ወይም ዙር ሳያውቅ እጁን የሚሰድ ሰው በኛ ጊዜ ስሙ አራጅ ነበር። የልጅ ልጄ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። እኔ ግን የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁና የተቃጠለ ቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ከወንበሩ ላይ አልነበርኩም፤ አባቴ ጋራዥ ነበርኩ።

አባቴን ተክሌ ባቲላሜራ ይሉት ነበር። ባቲላሜራ ማለት የመኪና ገላ የሚያቃና፣ የጎበጠ ቆርቆሮ በመዶሻ ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው ነው። የዛሬዎቹ ቃሉንም ሥራውንም ረስተውታል። ሙያውን ናዝሬት ከአንድ ሽማግሌ ጣልያን ተምሮ፣ አሰላ ወደ ናዝሬት መውጫው ላይ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ ቆርቆሮ አለበሰበትና ጋራዥ ብሎ ጠራው። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ እኔ አስካለ፣ እሱ ተክሌ። ጊዜው የንጉሡ ጊዜ ነው፤ ከዚያ አልፋችሁ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም እንደነበረ ግን አልረሳም። ዐረቡ ሱቅ የናይለን ሻሽ የመጣ ሰሞን ነው። ጠዋት ጭላሎ ጉሙን ሲለቅብን ብረቱ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ጋሪዎቹ ገብስ ጭነው ጭቃውን እየረጩን ያልፋሉ። ፊት ለፊታችን ያለው ጠጅ ቤት መርፌው የደነዘ የሸክላ ማጫወቻ ነበረውና አንዱን ስንኝ አሥር ጊዜ ሳያስደግመን ወደሚቀጥለው አያልፍም። አሁን ሰው ተሰብስቦ "ድሮ ዘፈን ነበር" ሲል እሰማለሁ። የኔ ድሮ ያው አንድ ስንኝ ነው፤ ቀሪውን የሰማሁት ሁሩታ ከተዳርኩ በኋላ ነው።

መኪናው በጣት ይቆጠር ነበር፤ የባለመኪኖቹ ኩራት ግን ከጭላሎም ይበልጣል። ካኪ ኮት፣ ገበርዲን ሱሪ፣ በቅባት የተለጠፈ ጸጉር፣ መሐሉ በማበጠሪያ የተሰነጠቀ። ከልጆቻቸው ፊት ይልቅ የመኪናቸውን ፋኖስ የሚያጥቡ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ሲያጋጩት ጋራዥ ይመጡና "ቶሎ ፍታው፣ ብሎን እኮ ነው!" ይላሉ። ብሎን ነው አሉ! አባቴ ይህን ቃል ሲሰማ ይስቅ ነበር። ብሎን ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱን ታዞረዋለህ፣ አንዱን ትገፋዋለህ፣ አንዱን ትስበዋለህ፤ ሌላው ብሎን መስሎ ይቀመጥና ስታዞረው አንገቱ በእጅህ ይቀራል። "ከመፍታትሽ በፊት ማን እንደሆነ ጠይቂ" ይለኝ ነበር አባቴ። ለዚህም ሲል ለሁሉም ስም አወጣላቸው።

መጀመሪያ በጋብቻ ከፈላቸው። ሁለት ቆርቆሮ አጣብቆ ራሱ ተቀጥቅጦ የሚቀረውን ሪቬት "ቁርባን" አለው፤ በቁርባን የተጋባ አይፋታማ፣ ራሱን ካልቆረጥከው አይለቅም። ዳዶ ከኋላው ያለው ተራ ብሎን "ሰማንያ" ነው፤ በሰማንያ የተጋባ በስምምነት እንደሚፋታ፣ እሱም በሁለት ቁልፍ ይፈታል። ተገፍቶ የሚገባ፣ ተስቦ የሚወጣው ክሊፕስ "ደሞዝ" ተባለ፤ ለአንድ ሰሞን ተዋውለው አብረው እንደሚኖሩት። ከነዚህ ወጣ ያሉትን ደግሞ በከተማው ሰው ሰየማቸው። በግራ ጎማ በኩል የሚገኘው፣ እንደ ሰው ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት የሚፈታው ዳዶ "እትዬ በለጡ" ነበር። እትዬ በለጡ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሂጂ ሲሏቸው የሚመጡ፣ ነይ ሲሏቸው የሚሄዱ ሴት፣ ነፍሳቸውን ይማር። ለየስሙ አንድ አንድ የቲማቲም ጣሳ ነበረው፤ የምለቅመውም የማጥበውም እኔ ነኝ። አንድ ቀን "እኔስ የትኛው ጣሳ ነኝ?" ብዬ ብጠይቀው ሳቀና "አንቺ ገና ጣሳ አልወጣልሽም" አለኝ። አኮረፍኩ። ኧረ ለምን እዋሻለሁ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ አኩርፌ ነበር።

ስሞቹ እንግዲህ ለቀልድ የወጡ ነበሩ። በኋላ ግን እንጀራችን ሆኑ። አባቴ ሳልዳቱራ ሲበይድ መነጽር አያደርግም ነበር፤ ያ ጣልያን "መነጽር የፈሪ ነው" ብሎ አስተምሮታል፣ አፈር ይብላና። የዐይኑ ብሌን ቀስ በቀስ ነጣ። መጨረሻ ላይ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረው፤ ሰው መቆሙን ያውቃል፣ ማን እንደሆነ አያውቅም። እጁ ምንም አልሆነ፣ የጎበጠውን በመዳፉ ዳብሶ ሲያቃናው ከባለ ሁለት ዐይኑ ይበልጥ ነበር። ችግሩ ጭቃና ዝገት የለበሰ ብሎን በእጅ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል፣ ደንበኛ ደግሞ ቆሞ ያያል። አሰላ ከተማ፣ ሰው እንደ ዕውር ሲዳብስ ካየች፣ እስከ ማታ ወሬው አርቦዬ ይደርሳል፤ ማን መኪናውን ለዕውር ይሰጣል? ስለዚህ እኔ ባትሪ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። እሱ "ማነው?" ይላል። እኔ "ባለ ቁርባን ነው" እላለሁ፤ መዶሻና ስለት ያነሣል። "እትዬ በለጡ ናቸው" ስለው ወደ ቀኝ ያዞራል። ደንበኞቹ ሐሜት የያዝን ይመስላቸው ነበር። ሴቶቹማ "የተክሌ ልጅ ቀን ሙሉ ከአባቷ ጋር የሰው ትዳር ስታማ ትውላለች" ብለው ስሜን አጠፉት። ያጥፉት! ሐሜተኛ የተባልኩት አባቴ ዕውር እንዳይባል ነው፣ አሁንም ቢሆን ያንኑ እመርጣለሁ።

ከስሞቹ ሁሉ የምወደው "ጸሐፊው" ነበር። በከተማው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ዋና ጸሐፊ የሆነ ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ዘሮቹ አሉ። ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ክረምትና በጋ ደጁን ይጠናል። ጮክ ብሎ የጠየቀውን አይሰማም፤ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ "ጌታዬ" ያለውን ግን ወዲያው ያስገባዋል። አባቴ ይህን ጠባይ በአንድ ማያያዣ ላይ አገኘው። በሞተር የጎን ሽፋን ላይ የሚገኝ፣ ራሱ ሰፊ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ፣ ለሚያየው ተራ ብሎን የሚመስል ነው። ሩብ ዙር ብቻ ያዞሩትና ጠብ ብሎ ይከፈታል። ብሎን መስሎት አጥብቆ ያዞረው ይሰብረዋል። የኛ ጸሐፊ ያው ነው እንግዲህ። የሚስቱ ወንድም ከኛ በላይ ጋራዥ ከፍቶ ነበርና የመሥሪያ ቤቱን መኪናዎች ወደዚያ ሊያዞር ምክንያት ይፈልጋል። የአባቴ ዐይን ወሬ ጆሮው ደርሷል። ከነዚያ መኪናዎች ሌላ የሚያኖረን ሥራ አልነበረንም።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ መኪና በሁሩታ መንገድ ከበሬ ጋር ተላትሞ ጎኑ ተጨፍልቆ መጣ። ጸሐፊው ራሱ አመጣው። ግራጫ ካፖርቱን እንደለበሰ ወዲያ ወዲህ አለና "ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ሲራመድ ድምፅ የሚያሰማ ጫማ ነበረው፤ ቋ ቋ ሲል ርቆ ሄደ። እኔ ባትሪዬን ይዤ ከጎማው በላይ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው ሥር ገባሁ፤ ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የሞተሩ ጎንና የአባቴ እግር ብቻ ነው።

"ማነው?" አለ አባቴ።

"ጸሐፊው ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ? ሰማንያ እንዳይሆን።"

"ራሱ ነው አባዬ፤ ግንባሩ ሰፊ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ።"

አባቴ ሳቀ። "እሱማ ምን ያስቸግራል! ሩብ ዙር ካዞሩት ሆዱን ይከፍታል። ለሱ ትልቅ ቁልፍ አይነሣም። ትንሽ ቅባት ካስነኩት ደግሞ በገዛ እጁ ይወጣል። ብቻ ቁም ነገር ያለው መስሎሽ አጥብቀሽ እንዳትይዢው፣ ይሰበራል፤ ውስጡ እኮ ባዶ ነው!"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ጸሐፊው ከአባቴ ፊት ሦስት እርምጃ ላይ ቆሟል። ሻይ ቤት አልሄደም ነበር። ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ በካልሲው ጭቃ ረግጦ ነው የተመለሰው፤ ኋላ ሳየው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ ተለስኗል። ዕውር ሊፈትን! ዋና ጸሐፊ ይህን ያህል ለሥራው ቢለፋ ኖሮ የስንቱ ወረቀት ባለቀ።

"እኔ ፊትህ ቆሜ!" አለ። "አላየኸኝም ማለት ነው። የሚወራው እውነት ነው ለካ፤ ዐይንህ ጠፍቷል ተክሌ።"

ተቆጥቶ ቢሆን ባልከፋኝ። ደስ ብሎት ነበር። ስድቡን ረስቶት በድምፁ ውስጥ ሠርግ ነበር። እኔ ከመኪናው ሥር ሆኜ ጋራዡ ሲዘጋ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምርኩዙን ይዞ ሲቀመጥ ታየኝ።

አባቴ ካቻቢቴውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። "አይቼዎታለሁ ጌታዬ" አለ።

"ምን አልክ?"

"ሲገቡ አይቼዎታለሁ። ስላየሁዎት ነው የተናገርኩት። ሰው በኋላው አይታማም፣ ነውር ነው፤ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው።"

 ጸሐፊው የፈታነውን ከምናስቀምጥበት ሳህን ላይ አንድ ነገር አንሥቶ በአባቴ አፍንጫ ፊት ዘረጋው። "እንግዲያስ ታያለህ? በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው? ንገረኛ!"

ከፓራፋንጎው ሥር ስወጣ ቀሚሴ ተቀደደ። በጣቶቹ መሐል የያዘውን አየሁና እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ በአባቴ ላይ ጮኽኩበት፦ "ኧረ አባዬ! በቁርባን ያገባ፣ የተከበረ ሰው እንዲህ ይሰደባል? ምን ነካህ!"

አባቴ ዐይኑን አልሰበረም። "ሪቬት ነው ጌታዬ" አለ። "ይጣሉት፤ ሪቬት አንዴ ከወጣ ሁለተኛ አያገለግልም።"

ሦስት ሚስት የፈታ ሰው በቁርባን አገባህ ሲሉት "አይደለም" አላለም፤ ሙገሳ ሆኖ አልፎለታል። አንዴ ሪቬቱን አንዴ አባቴን አየ። እንግዲህ አባቴ ካየ፣ የተሰደበው ፊት ለፊት ነው። ያን ጊዜ ነው ቁጣው የመጣለት። ጫማውን ሳያጠልቅ ሮጦ ወጣ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ ይዞ ተመለሰ።

አባቴ ሦስት ቀን ታሠረ። በሁለተኛው ቀን ምሳ ይዤለት ስሄድ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱ ግን ይስቃል። ዘበኛው የሁሩታ ሰው ነበር፣ "ጀባዱ ኦቦ ተክሌ፣ አይዞህ" እያለ ትከሻውን ይመታዋል። "ለምን ታለቅሻለሽ?" አለኝ አባቴ። "ክሱን አነበቡልኝ እኮ። በዚያ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈቱ ምን ብሎ ጻፈ መሰለሽ? 'ተከሳሹ እኔን በዐይኑ እያየ ሰደበኝ' ብሎ፣ ከሥሩ ፈርሞ፣ ማኅተም መቶበታል። ማየቴን በማኅተም መሰከረልኝ፤ ከእንግዲህ ዕውር ነህ ቢለኝ ራሱ ውሸታም ነው።" ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። ጸሐፊ በሕይወቱ አንድ ሰው የጠቀመ ወረቀት ጽፎ ከሆነ ያ ነው፤ እሱንም ባለማወቁ።

ሲፈታ ከተማው ሁሉ ወደኛ ጎረፈ። ያ ሲያማን የኖረ ሕዝብ! "ተክሌ ጸሐፊውን ፊት ለፊት ነገረው!" እያለ ያልተጋጨ መኪና ሳይቀር ይዞ ይመጣል። ጎበሳ ድረስ ስማችን ተሰማ። የጸሐፊው አለቃ ራሱ የመሥሪያ ቤቱን መኪና መልሶ ላከልን፤ እሱም ጸሐፊውን ሳይወደው ኖሯል፣ ግን ለመናገር የአባቴን አፍ ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ነው የኛ ሰው፤ ጀግና ከተገኘ በኋላ ወዳጁ ብዙ ነው። እኔ ግን ሁሉንም በየጣሳቸው አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ዐይኑ ሆኜ ሠራሁ። በኋላ ለሁሩታ መምህር ተዳርኩ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ምስማር መምታት ግን አይችልም። አባቴን ትቼ መሄዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እንዲህ ብዬ በግልጥ ተናግሬው አላውቅም። እሱ ሁለት ሠራተኞች ቀጥሮ ስሞቹን አስተማራቸው፣ እስኪሞት ድረስም እነሱ እያዩለት ሠራ። እንዴት አድርጎ እንዳስተማራቸው አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ቀድሞም መልስ አላገኘም፤ ዕውሩ አባቴ ለመላው ከተማ ስም ሲያወጣ ለዐይኑ አላወጣላትም።

"ኡፍ! ይቺ አስካላ!" አለ ጎረምሳው። ስሜን የጠራኝ መስሎኝ ከሄድኩበት ተመለስኩ። እጁን ከበሩ ውስጥ አውጥቶ የደማ ጣቱን ይመጥጣል።

"ምን አልክ አንተ?"

"አስካላ እማማ። ከኋላ ሆና ሽፋኑን የምትይዝ ሞላ ናት። ከውጭ አትታይም። ዝም ብለው ከነኳት ትነክሳለች፣ እሷ ካልለቀቀች ደግሞ ሽፋኑ አይወልቅም።"

"ማን ነው አስካላ ያላት?"

"ጣልያንኛ ነው" አለኝ፣ ለደንቆሮ እንደሚያስረዳ። "እንደ ዳዶ፣ እንደ ኮፋኖ በሉት። እኔን ያስተማረኝ ጋሼ እንዲህ ነው የሚላት፤ እሱንም ያስተማሩት አንድ የድሮ ሽማግሌ አሉ። 'መጀመሪያ አስካላን ፈልግ፣ ያለሷ ዕውር ነህ' ይሉት ነበር አሉ።"

ሻሼን ወደ ዐይኔ ሳብኩ። የልጅ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና ብሎ "እማማ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ። "አኳራጁ ነው" አልኩት። ጎረምሳው ካቻቢቴውን አንሥቶ እንደገና ወደ በሩ ሲሄድ እጁን ያዝኩት።

"በሱ አይደለም። እጅህን ከታች አስገባና ወደ ራስህ ጫን አድርጋት፣ ከዚያ በራሷ ትለቃለች።"

እንዳልኩት አደረገ። ጠብ ብላ ለቀቀች፣ ሳትሰበር። መዳፉ ላይ አስቀምጦ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ።

"ኧረ እማማ፣ እርስዎ ከየት ያውቃሉ?"

"ጣልያንኛ እችላለሁ" አልኩት።